አዲስ ሞዴል ሞክሮ የመሳሳት ዋጋ፤ ዲጂታል ኢኮኖሚ የፋብሪካውን ፈጠራ እንዴት ይለውጠዋል?

አንድ የጫማ አምራች አዲስ ሞዴል ለማውጣት ሲያስብ አስቀድሞ የሚያሰላው የሞዴሉን ውበት ሳይሆን ዕቃው ባይሸጥ የሚደርስበትን ኪሳራ ነው። ቆዳው ተገዝቷል፤ ሶሉ ታዟል፤ ለሠራተኛው ተከፍሏል። ገዢው ፊቱን ካዞረ ይህ ሁሉ ገንዘብ በመጋዘን ተቆልፎ ይቀራል። በዚህም የተነሣ ብዙዎቹ አምራቾች ዓምና የተሸጠውን ዘንድሮም መድገም፣ አለዚያም ጎረቤት ያወጣውን መቅዳት ይመርጣሉ። ይህን ከስንፍና ወይም ከችሎታ ማነስ የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ። ይሁን እንጂ ሒሳቡ ሲሠራ አምራቹ ብዙ ጊዜ ልክ ሆኖ ይገኛል።

«ዲጂታል ኢኮኖሚ» የሚለው ስያሜ በየስብሰባውና በየዕቅዱ መነሣት ከጀመረ ቆይቷል። ስሙ ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ሮቦት፣ በኮምፒውተር ወደሚታዘዝ መቁረጫና ወደ ሞባይል ክፍያ ይሄዳል። ለማምረቻው ዘርፍ ግን ከማሽኑ የሚበልጥ ለውጥ አለ። ገበያው ምን እንደወደደና ምን እንደጠላ አምራቹ የሚያውቅበት ጊዜ ከወራት ወደ ቀናት ሲያጥር፣ አዲስ ነገር ሞክሮ የመሳሳት ዋጋ ይወርዳል። ይህ ዋጋ ሲወርድ ደግሞ ትናንት አክሳሪ የነበረ ሙከራ ዛሬ አዋጭ ሊሆን ይችላል። ይህ እንዴት እንደሚሆን፣ የት እንደተሳካና የት እንደከሸፈ ማወቁ ገንዘቡን በፋብሪካ ላይ ለሚያውል ሰው የሚጠቅም ትምህርት ነው።

የመሳሳት ዋጋ በሒሳብ ሲታይ

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ቁጥሮቹ ለማስተማሪያ የተመረጡ ሲሆኑ የማንም ድርጅት ሒሳብ አይደሉም።

አንድ አምራች በአንድ አዲስ ሞዴል 5,000 ጥንድ ጫማ ይሠራል እንበል። አንዱ ጥንድ 1,000 ብር ይፈጅበታል። ከተወደደለት በጅምላ 1,400 ብር ይሸጠዋል፤ ካልተወደደለት ግን በ500 ብር ከማራገፍ በስተቀር ምርጫ የለውም። ከ10 አዳዲስ ሞዴሎች ገበያው የሚያነሣው 3ቱን ብቻ ነው ቢባል፣ ሞዴሉ ሲሠምር 2,000,000 ብር ያተርፋል፤ ሳይሠምር ሲቀር ደግሞ 2,500,000 ብር ይከስራል። ሁለቱ እንደየዕድላቸው ተሰልተው ሲደመሩ በአማካይ 1,150,000 ብር ኪሳራ ይወጣል። በአንጻሩ የዓምናውን ሞዴል ደግሞ በጥንድ 100 ብር ብቻ እንኳ ቢያተርፍ 500,000 ብር በእጁ ይገባል። እንግዲህ የዓምናውን ቢደግም አይፈረድበትም።

አሁን ደግሞ ይኸው አምራች 10 ሞዴሎችን አውጥቶ ከእያንዳንዱ 100 ጥንድ ብቻ ይሥራ። ጥቂት ጥቂት መሥራት ወጪ ስለሚያስጨምር አንዱ ጥንድ 1,150 ብር ይፈጅበታል። ያልተወደዱትን የ7 ሞዴሎች 700 ጥንድ በ500 ብር ሲያራግፍ 455,000 ብር ይከስራል። ከተወደዱት 300 ጥንዶች 75,000 ብር ያተርፋል። እስከዚህ ድረስ ተጣርቶ ሲታይ 380,000 ብር ከስሯል። ነገር ግን ገበያው የሚፈልጋቸውን 3 ሞዴሎች አሁን ለይቶ ያውቃቸዋል። ከእነዚህ ተጨማሪ 4,000 ጥንድ በ1,050 ብር ወጪ ሠርቶ በ1,400 ብር ቢያስረክብ 1,400,000 ብር ያተርፋል። የሙከራው ኪሳራ ሲቀነስ 1,020,000 ብር ይቀረዋል። ይህም የዓምናውን ደግሞ ከሚያገኘው ትርፍ እጥፍ ይበልጣል።

በዚህ ስሌት ውስጥ ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ሁለት ነጥቦች አሉ። የመጀመሪያው፣ 380,000 ብሩ አምራቹ ስለ ገበያው መረጃ ለመግዛት የከፈለው ዋጋ መሆኑ ነው። በ5,000 ጥንድ ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ያንኑ መረጃ በ2,500,000 ብር ይገዛው ነበር። ሁለተኛው ነጥብ ጊዜ ነው። ትርፉ ሙሉ በሙሉ የሚመጣው ከሁለተኛው ዙር ምርት ስለሆነ፣ ያ ምርት ወቅቱ ሳያልፍ ገበያ መድረስ አለበት። ሶሉ ከውጭ እስኪመጣ 3 ወር ቢፈጅና በዓሉ ቢያልፍ፣ አምራቹ የትኛው ሞዴል ተወዳጅ እንደነበር እያወቀ 380,000 ብር ኪሳራውን ታቅፎ ይቀመጣል።

ስለዚህ ዲጂታል መሣሪያ ለፋብሪካ የሚጠቅመው ከሦስት ነገሮች ቢያንስ አንዱን ሲያቃልል ነው። እነዚህም ገበያውን የማወቂያው ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት በመሥራት የሚጨመረው ወጪና ለሁለተኛው ዙር የሚፈጀው ጊዜ ናቸው። ከሦስቱ አንዱንም የማይነካ መሣሪያ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን ለፈጠራ የሚያበረክተው ድርሻ አነስተኛ ነው።

ከሱቁ ወደ መቁረጫው ክፍል፤ የዛራ መንገድ

ይህን ሒሳብ በሰፊው ሥራ ላይ በማዋል ቀድሞ የሚጠቀሰው የስፔኑ ኢንዲቴክስ ነው። መሥራቹ አማንሲዮ ኦርቴጋ የመጀመሪያውን የዛራ ሱቅ የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1975 ላ ኮሩኛ በተባለችው የሰሜን ምዕራብ ስፔን ከተማ ሲሆን፣ የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ዛሬም በአቅራቢያው አርቴክሶ ውስጥ ይገኛል።

የአሠራሩ መሠረት ቀላል ነው። የየሱቁ ኃላፊ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለማዕከሉ ትዕዛዝ ይልካል። ከትዕዛዙ ጋርም ደንበኛው ምን ጠይቆ እንዳጣ፣ የትኛውን ለክቶ እንደመለሰና የትኛው ቀለም እንዳለቀ ያሳውቃል። በማዕከሉ ደግሞ ንድፍ አውጪው፣ የገበያ ባለሙያውና የምርት ዕቅድ ሠራተኛው በአንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ይሠራሉ። በዚህ መልክ አንድ ልብስ ከንድፍ ተነሥቶ ሱቅ እስኪደርስ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ብቻ የሚፈጅበት ጊዜ ነበር። በዚያን ዘመን የዘርፉ ልማድ ግን ወቅቱ ከመድረሱ ወራት ቀድሞ ማዘዝ ነበር።

ለነጋዴ ይበልጥ የሚያስተምረው ኩባንያው ፍጥነቱን ለማግኘት የከፈለው ዋጋ ነው። ዛራ ከሚገዛው ጨርቅ ከፊሉን ሳይነከር ገዝቶ ያስቀምጥ ነበር፤ ቀለሙን የሚወስነው ገበያው ከተናገረ በኋላ ነው። ቶሎ የሚለወጡትን ልብሶች በስፔን፣ በፖርቱጋል፣ በሞሮኮና በቱርክ ያሠራል። የስፌት ዋጋው ከሩቅ ምሥራቅ የሚበልጥ ቢሆንም ቅርበቱ ጊዜ ይቆጥብለታል። ድንገተኛ ትዕዛዝ ሲመጣ የሚቀበልበት ቦታ እንዳያጣም ፋብሪካዎቹን ሆን ብሎ በሙሉ አቅማቸው አያሠራም ነበር። ማሽን ለሰዓታት ሥራ ሲፈታ ማየት ለአንድ የሒሳብ ሹም ብክነት ነው። በላይኛው ምሳሌ ግን ያ ትርፍ አቅም ሁለተኛውን ዙር ምርት በጊዜው የሚያደርሰው ነው።

ዛራ ይህን የጀመረው በስልክና በተራ ኮምፒውተር ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ልብስ ላይ በሬዲዮ ሞገድ የሚነበብ መለያ ማድረግ በስፋት የተያያዘው እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ነው። የመረጃው መንገድ ከተዘረጋ ዓመታት በኋላ ነው መሣሪያው የመጣው።

ኢንተርኔት የሙከራ ሜዳ ሲሆን

የቻይናው ሺን ደግሞ ሱቁን ጨርሶ አስወጥቶ ሒሳቡን ወደ ጫፍ ወሰደው። ኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ ሲንጋፖር ቢያዛውርም የምርቱ እምብርት በጓንዡ ከተማ በፓንዩ ወረዳ የተሰባሰቡ የስፌት ፋብሪካዎች ናቸው። አዲስ ሞዴል ሲወጣ የመጀመሪያው ትዕዛዝ ከ100 እስከ 200 ቁራጭ ብቻ ነው። ልብሱ በስልክ መተግበሪያው ላይ ይወጣል፤ ስንት ሰው እንደከፈተው፣ ስንቱ እንደመረጠውና ስንቱ እንደገዛው ይቆጠራል። ከተፈለገ ትዕዛዙ ወዲያው ይደገማል፤ ካልተፈለገ ሞዴሉ በዚያው ይቀራል።

ይህ አሠራር ለፈጠራ ምን እንዳደረገ ለማየት ወደ ምሳሌው መመለስ ይበቃል። የሙከራው መጠን ሲያንስ የሞዴሎቹ ቁጥር ይበዛል፤ የሞዴሎቹ ቁጥር ሲበዛ ከመካከላቸው ተወዳጅ የሚሆነውን የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። አንድ የስፌት ፋብሪካ በዓመት ሊሞክር የማይደፍረውን ያህል ሞዴል በዚህ መንገድ በሳምንት ውስጥ መሞከር ተችሏል።

ነገር ግን የመሳሳት ዋጋ ሲወርድ ሁልጊዜ ጠፋ ማለት አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ወደ ሌላ ሰው ትከሻ ይተላለፋል። ሥራውን የሚቀበለው ትንሽ ፋብሪካ ዛሬ 100 ነገ 2,000 ቁራጭ ሲታዘዝ፣ ውጣ ውረዱን የሚችለው በሠራተኛው ሰዓት ነው። መቀመጫውን ስዊዘርላንድ ያደረገው ፐብሊክ አይ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ ለሺን በሚሠሩ አንዳንድ ፋብሪካዎች ሠራተኞች በሳምንት እስከ 75 ሰዓት እንደሚሠሩ ገልጿል። ንድፋችን ተሰርቋል የሚሉ ክሶችም በተለያዩ አገሮች ፍርድ ቤቶች ቀርበውበታል። ከዚህ ሌላ አሜሪካ እስከ 800 ዶላር ለሚደርስ ጥቅል ትሰጠው የነበረውን የቀረጥ ነጻ መብት እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2 ቀን 2025 ጀምሮ ለቻይና ዕቃዎች አንሥታለች። ዕቃውን አንድ በአንድ በፖስታ በመላክ ላይ የተመሠረተው የንግድ ስሌትም በዚሁ ተናግቷል። በጉምሩክ ደንብ ክፍተት ላይ የቆመ ትርፍ ደንቡ ሲለወጥ አብሮ እንደሚወድቅ ባለ ገንዘብ ሁሉ ሊያስበው ይገባል።

ሮቦት ብቻውን ሲቀር

የጀርመኑ አዲዳስ የመረጠው መንገድ ከሁለቱ ይለያል። ኩባንያው ጫማውን በአብዛኛው በእስያ የሚያሠራ በመሆኑ ከንድፍ እስከ ሱቅ ያለው ጊዜ ረዥም ነበር። ይህን ለማሳጠር እ.ኤ.አ. በ2015 «ስፒድፋክተሪ» የተሰኘ በሮቦት የሚሠራ ፋብሪካ በጀርመን አንስባኽ ከተማ እንደሚያቋቁም አስታወቀ። ሁለተኛውን ደግሞ በአሜሪካ አትላንታ አካባቢ አስከተለ። እያንዳንዳቸው በዓመት እስከ 500,000 ጥንድ ጫማ እንዲያመርቱ የታቀደ ሲሆን፣ ኢንዱስትሪ ከእስያ ወደ አውሮፓ የሚመለስበት ዘመን ደረሰ ተብሎ ብዙ ተጽፎላቸዋል።

በኅዳር 2019 እ.ኤ.አ. አዲዳስ ሁለቱንም ፋብሪካዎች እስከ ሚያዝያ 2020 ድረስ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ቴክኖሎጂውንም በቻይናና በቬትናም ለሚገኙ አቅራቢዎቹ እንደሚያስተላልፍ ገለጸ።

ለምን? በመጀመሪያ መጠኑ ሲታይ ሁለቱ ፋብሪካዎች ቢሳካላቸው 1,000,000 ጥንድ ያወጣሉ፤ አዲዳስ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ያሠራው ከ400,000,000 ጥንድ በላይ ነበር። ሁለተኛ፣ ሮቦቶቹ የተቃኙት ለተወሰኑ የሩጫ ጫማ ዓይነቶች በመሆኑ ገበያው ሌላ ዓይነት ጫማ ሲፈልግ ፋብሪካው እንደልብ ሊለወጥ አልቻለም። ሦስተኛውና ዋናው ምክንያት፣ ሶል ሠሪው፣ ጨርቅ አቅራቢውና ዐዋቂ ባለሙያው ተሰባስበው የሚገኙት በእስያ መሆኑ ነው። ሮቦቱ ደንበኛው አጠገብ ተተክሎ ነበር፤ ከአቅራቢዎቹ ግን ራቀ። ሞዴሉን በቶሎ መለወጥ ያልቻለ ፈጣን ማሽን የመሳሳትን ዋጋ አልቀነሰም።

ከኤሌክትሪክ ሞተር የተገኘ ትምህርት

የአዲዳስ ታሪክ አዲስ ቢመስልም ተመሳሳዩ ከመቶ ዓመት በፊት ታይቷል። ኤዲሰን በኒውዮርክ የኤሌክትሪክ ማመንጫውን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ1899፣ በአሜሪካ ፋብሪካዎች ማሽን ከሚያንቀሳቅሰው ኃይል ውስጥ የኤሌክትሪክ ሞተር ድርሻ ገና ከ5 በመቶ በታች ነበር።

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የኢኮኖሚ ታሪክ ምሁር ፖል ዴቪድ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ጥናት ምክንያቱን አብራርተዋል። የፋብሪካ ባለቤቶች መጀመሪያ ያደረጉት ትልቁን የእንፋሎት ሞተር አንሥተው በቦታው ትልቅ የኤሌክትሪክ ሞተር መትከል ነበር። ኃይሉ ግን እንደ ድሮው በጣሪያ ሥር በተዘረጋ ዘንግና በቀበቶ ለየማሽኑ ይከፋፈል ነበር። ማሽኖቹም የሚደረደሩት በዘንጉ አቅጣጫ ነው። ወጪው ጨመረ፤ ምርቱ ግን ብዙም አልተለወጠም። እውነተኛው ለውጥ የመጣው በ1920ዎቹ፣ እያንዳንዱ ማሽን የራሱ ትንሽ ሞተር ሲኖረውና ማሽኖቹ እንደ ሥራው ቅደም ተከተል ሲደረደሩ ነው። የፋብሪካው ቤት፣ የሠራተኛው ድልድልና የተቆጣጣሪው ሥራ ሁሉ አብሮ መለወጥ ነበረበት።

ዴቪድ ይህን ያነሡት በጊዜው ለነበረ እንቆቅልሽ መልስ ለመስጠት ነው። የኖቤል ተሸላሚው ሮበርት ሶሎው እ.ኤ.አ. በ1987 ኮምፒውተር በየቦታው ቢታይም በምርታማነት አኃዝ ውስጥ ግን እንደማይታይ ተናግረው ነበር። ኮምፒውተር ገዝቶ የድሮውን ዘንግና ቀበቶ ያልነቀለ ድርጅት ውጤት ባያይ ሊያስገርም አይገባም። ዛሬም ትዕዛዙ በስልክ በሰከንድ ደርሶት፣ የሥራ አስኪያጁ ፊርማ ለማግኘት ሳምንት የሚጠብቅ ፋብሪካ ቢኖር አሮጌው ዘንግ በቦታው አለ ማለት ነው።

በአገር ቤት

የመርካቶ ጫማ ሠሪዎች የፍጥነትን ጥቅም የቀመሱት ኢንተርኔት በእጃቸው ሳይገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ የቻይና ጫማ ገበያውን ባጥለቀለቀ ጊዜ ብዙ ትንንሽ አምራቾች ተጎድተዋል፤ ከሥራ የወጡም ነበሩ። የቀሩት ግን ጥራታቸውንና ሞዴላቸውን እያሻሻሉ በተለይ በቆዳ ጫማ ገበያውን መልሰው ለመያዝ መቻላቸው በተመራማሪዎች ጭምር የተጠና ጉዳይ ነው። ቆዳ ሻጩ፣ ሶል ሻጩ፣ ሠሪውና ጅምላ ነጋዴው በእግር በሚደረስ ርቀት ላይ መገኘታቸው ሞዴል ቶሎ ለመለወጥ አመቺ ነው። አዲዳስ በአንስባኽ ያጣው ይህን ነው።

በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ የተለየ መልክ ነበረው። ዘመናዊ ሕንፃና ማሽን የነበረው ቢሆንም በውስጡ የገቡት አምራቾች በአብዛኛው ጨርቁን ከውጭ አስገብተው፣ ከገዢው በተላከላቸው ንድፍ መሠረት ቆርጠውና ሰፍተው የሚልኩ ነበሩ። የመጨረሻው ደንበኛ ምን እንደሚወድ የሚታወቀው በውጭ ባለው ገዢ ቢሮ ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፓርኩ የነበረውን ፋብሪካ ዘጋ። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮም ኢትዮጵያ ከአጎዋ የቀረጥ ነጻ ዕድል ታገደች። በዚያን ጊዜ የስፌት መስመሩና የሠለጠነው ሠራተኛ እንዳሉ ነበሩ፤ በእጅ ያልነበረው የራስ ንድፍና የራስ ገበያ ነው። የገበያውን መረጃ ሌላ ሰው ይዞለት የሚሠራ ፋብሪካ ትዕዛዙ ሲቆም ቶሎ ወደ ሌላ ዕቃ ለመዞር ይቸገራል።

በአሁኑ ጊዜ ያ መረጃ በርካሽ የሚገኝበት መንገድ አለ። በአዲስ አበባ ልብስና ጫማ በቴሌግራም መሸጥ የተለመደ ነው፤ ቴሌብርም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስልክ መክፈል ተስፋፍቷል። አንድ አምራች የ10 ሞዴሎችን ናሙና አንድ አንድ ጥንድ ሠርቶ፣ ፎቶ አንሥቶ፣ የትኛው እንደሚፈለግ ቆዳ በብዛት ከመቁረጡ በፊት ማወቅ ይችላል። በላይኛው ስሌት 380,000 ብር የፈጀው መረጃ በዚህ መንገድ ከዚያ በጥቂቱ ሊገኝ ይችላል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ ገዢ አይደለም። መርካቶ ከጥንት ጀምሮ የቁም ነገሩን ገዢ የሚለየው በቀብድ ነው፤ በስልክ ገበያም ከዚህ የተሻለ መለያ የለም። ጥያቄውን ሳይሆን በቴሌብር የገባውን ቀብድ የሚቆጥር፣ ቁጥሩን፣ ቀለሙንና የመጣበትን ሰፈር በየቀኑ የሚመዘግብ አምራች የገበያ መረጃ አለው። ለዚህ የሚበቃው መዝገብ በኤክሴል የሚሠራ ሰንጠረዥ ነው፤ በትጋት ከተያዘ ደብተርም ይሆናል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ያው ስልክ በአስመጪውም እጅ መኖሩ ነው። በቴሌግራም የተወደደ ሞዴል ፎቶው በዚያው ዕለት ጓንዡ ሊደርስ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት የኢንዱስትሪ ንድፍን አስመዝግቦ ጥበቃ ማግኘት ይቻላል፤ ሆኖም ለአንድ በዓል የወጣ ሞዴል በክርክር እስኪጠበቅ በዓሉ ያልፋል። የአገር ውስጡን አምራች የሚያድነው በባሕር የሚመጣው ዕቃ ጅቡቲ ደርሶ እስኪገባ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ሁለተኛውን ዙር ምርት በሁለት ሳምንት ካወጣ ገበያው የእርሱ ነው። በሁለት ወር ካወጣ ግን ለአስመጪው የሞዴል መራጭ ሆኖ በነጻ አገለገለ ማለት ነው። ሶሉና ማስቲሹ ከውጭ የሚገባ ከሆነም የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግብዓት አስቀድሞ መያዝ የሚጠይቀው ገንዘብ ከፍ ማለቱን በስሌቱ ማስገባት አለበት።

ገንዘብ ከማዋል በፊት

የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. መከፈቱ የከተማው ባለ ገንዘብ ወደፊት የአምራች ኩባንያዎችን አክሲዮን እያመዛዘነ የሚገዛበትን ዕድል ከፍቷል። አክሲዮን ለመግዛት ለሚያስብም ሆነ ከወዳጁ ጋር በሽርክና ፋብሪካ ለመክፈት ለተዘጋጀ ሰው፣ «ዲጂታል» የሚል ቃል በዕቅዱ ላይ ሲያይ ሊያነሣቸው የሚገቡ አምስት ጥያቄዎች አሉ።

አንደኛ፣ ፋብሪካው የሸጠው ዕቃ በመጨረሻ ማን እጅ እንደገባና ለምን እንደተመረጠ በስንት ቀን ውስጥ ያውቃል? የሚያውቀው ጅምላ ነጋዴው ሲነግረው ብቻ ከሆነ መረጃው የነጋዴው ነው።

ሁለተኛ፣ ሳይከስር ሊሠራው የሚችለው ትንሹ የምርት መጠን ስንት ነው? 5,000 ከሆነ ብዙ ሞዴል አይሞክርም፤ 100 ከሆነ ይሞክራል።

ሦስተኛ፣ የተወደደውን ሞዴል ደግሞ ለማምረት ስንት ቀን ይፈጅበታል? ከቀናቱ ውስጥ ስንቱ ከውጭ የሚመጣ ግብዓት በመጠበቅ ያልፋል?

አራተኛ፣ ሊገዛ የታሰበው ማሽን ሞዴል ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል ወይስ አንድን ዕቃ ብቻ በፍጥነት ያመርታል? የአዲዳስ ሮቦቶች የወደቁት በዚህ ጥያቄ ነው።

አምስተኛ፣ ሙከራው ሲከሽፍ የሚከፍለው ማን ነው? ኪሳራው በሙሉ በትንሹ ሥራ ተቋራጭና በሠራተኛው ላይ የሚወድቅ ከሆነ፣ ጥሩ ሠራተኛና ጥሩ አቅራቢ ሲሸሹ ፍጥነቱም አብሮ ይሄዳል።

ለእነዚህ ጥያቄዎች ቁጥር የያዘ መልስ ያለው ፋብሪካ ማሽኑ ያረጀ ቢሆን እንኳ አዲስ ነገር ሞክሮ የመትረፍ አቅም አለው። መልስ የሌለው ደግሞ ውድ ማሽን ቢተክልም የዓምናውን ሞዴል በበለጠ ፍጥነት ከመድገም አያልፍም። የማሽኑ ዕዳ ግን ሞዴሉ ተሸጠም አልተሸጠም በየወሩ ይከፈላል።